ሟች ለሕያው እጅ ምን ይሰጣል?




የዛሬው ማስታወሻችን ትንሽ ረዘም ስለሚል፣ ሱረቱል ካህፍን ቀርታችሁ ስትጨርሱ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

አንድ ሰው በሕይወት ሳለ "ስሞት ከአካሌ ለሌላ የሚጠቅም ነገር ካለ ውሰዱ" ብሎ ፈቀደ እንበል። አጀሉ ደረሰ። ከአካሉ ላይ ነርቭ ተወሰደ። ነርቩ ታጠበ፣ ተዘጋጀ፣ በቅዝቃዜ ተቀመጠ። ከጊዜ በኋላ ቀዶ ሐኪም አውጥቶ፣ ሟቹ አይቶት በማያውቀው ሰው እጅ ውስጥ ሰፋው። ወራት አለፉ። ደንዝዞ የነበረው ጣት አንድ ቀን ትኩስ ብርጭቆ ሲነካ ባለቤቱ "ፋጀኝ!" ብሎ እጁን ሰበሰበ።

ሰውየው ምሳሌ ነው፤ ሕክምናው ግን እውነት ነው፤ በተለይ በአሜሪካ የተለመደ ሆኗል። ለእኛ ደግሞ ከሕክምናው ጋር አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ልብ ወይም ኩላሊት ሲሆን ብዙዎቻችን "ነፍስ ማዳን ነው" ብለን ልባችን ይረጋጋል። ሰው ግን ጣቱ ስለደነዘዘ አይሞትም። ታዲያ ለአንድ ጣት ስሜት ተብሎ የሟች አካል ሊነካ ይገባል? ሟቹስ የሰጠው በትክክል ምንድን ነው?

መጀመሪያ ነገሩን በቅጡ እንወቀው፤ ሳያውቁ መፍረድ አያምርብንም።

ነርቭ ሲቆረጥ

ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ወጥተው ወደ እጅ፣ ወደ እግርና ወደ ፊት የሚሄዱት ነርቮች በውስጣቸው እጅግ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ይዘዋል። ክሮቹ በስስ ቱቦዎች ውስጥ ያልፋሉ። አንዳንዶቹ ከአንጎል ወደ ጡንቻ ትእዛዝ ያደርሳሉ፤ ሌሎቹ ከቆዳ ወደ አንጎል ወሬ ያመጣሉ፦ ሞቀ፣ ቀዘቀዘ፣ ሻከረ፣ ወጋኝ።

ቢላዋ፣ የመስታወት ስባሪ ወይም የመጋዝ ጥርስ ነርቩን ሲቆርጠው፣ ከተቆረጠው ቦታ ወዲያ ያለው ክር ይሞታል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1850 እንግሊዛዊው ሐኪም አውግስተስ ዋለር በእንቁራሪት ምላስ ነርቮች ላይ አሳይቷል። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ) በዚህ ሞት ውስጥ እዝነት አኑሯል። ክሩ ሲሞት ቱቦው ይቀራል። ሽዋን የሚባሉ ሴሎች ፍርስራሹን ያጸዳሉ፤ ከዚያም በቱቦው ውስጥ ተሰልፈው ለሚመጣው አዲስ ክር መንገድ ያሳያሉ። ከላይ ያለው ጤነኛ ጫፍ ደግሞ አዲስ ክር ማብቀል ይጀምራል። ፍጥነቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ 18 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ይፈጃል ማለት ነው።

የተቆረጡት ሁለት ጫፎች ከተቀራረቡ ሐኪሙ በአጉሊ መሣሪያ እያየ እጅግ በቀጠነ ክር ይሰፋቸዋል። ችግሩ የነርቩ አንድ ክፍል ተበጣጥሶ ጠፍቶ በመካከል ክፍተት ሲኖር ነው። ወጥሮ መስፋት አይሆንም፤ የተወጠረ ነርቭ ደም በደንብ አይደርሰውም፣ ጠባሳም ይይዘዋል። መንገድ ያጣ ክር ደግሞ እዚያው ይጠቀለልና ሲነኩት የሚያም እባጭ ይሆናል። ጡንቻም ቢሆን ለዘላለም አይጠብቅም። ከአንድ ዓመት ወይም ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ነርቭ ያልደረሰው ጡንቻ፣ ዘግይቶ ቢደርስለትም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀድሞው አይነሳም።

ከራስ መውሰድ፣ ከሌላ መቀበል

ለረጅም ጊዜ ዋናው መፍትሔ ከታማሚው ከራሱ አካል ነርቭ መውሰድ ነው፤ ዛሬም ብዙ ሐኪሞች ለከባድ ጉዳት የሚመርጡት ይህንኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ከባት በኩል ቀጭን የስሜት ነርቭ ይወጣና በእጅ ክፍተት ላይ ይሰፋል። እጁ ይጠቀማል፤ የእግሩ ውጫዊ ጎን ግን ይደነዝዛል። ፉቀሃዎቻችን ጉዳትን በሚስተካከለው ሌላ ጉዳት ማስወገድ እንደማይገባ፣ ትልቁን ለመከላከል ግን ትንሹን መሸከም እንደሚቻል ያስተምሩናል። የባት ነርቭ በዚህ ሚዛን ያልፋል። ሆኖም ዋጋው ዋጋ ነው፦ ተጨማሪ ቁስል፣ ተጨማሪ ጠባሳ፣ ተጨማሪ ድንዛዜ።

ታዲያ ለምን ከሟች አይወሰድም? ይህ ሐሳብ የቆየ ቢሆንም አንድ ግድግዳ ነበረበት። የሰውነታችን መከላከያ የሌላን ሰው ሴል ባዕድ ብሎ ይዋጋዋል። እ.ኤ.አ. በ1988 ዶክተር ሱዛን ማኪነን በቶሮንቶ፣ ካናዳ፣ ትልቁ የእግር ነርቩ ለተጎዳ ልጅ ከሟች የተወሰደ ነርቭ ተከሉ። ውጊያውን ለማስቆም መከላከያውን የሚያዳክም መድኃኒት መስጠት ግድ ነበር፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት ደግሞ ሰውን ለሌላ በሽታ ያጋልጣል።

ነገር ግን ከዚህ ሕክምና አንድ ትልቅ ትምህርት ተገኘ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው መድኃኒቱን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። በነርቭ ግን የተቀባዩ የራሱ ክሮች ክፍተቱን አቋርጠው ካለፉ በኋላ መድኃኒቱን ማቆም ይቻላል። ለምን? ምክንያቱም የለጋሹ ሴሎች በጊዜ ብዛት በተቀባዩ ሴሎች ይተካሉ። የለጋሹ ነርቭ ለዘለቄታው እንዲኖር አልተፈለገም። የተፈለገው መንገድ እንዲሆን ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ የሚፈለገው መንገዱ ብቻ ከሆነ ሴሎቹን አስቀድሞ ማውጣት አይቻልም? በቴክሳስና በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲዎች የተደረጉ ምርምሮች መልሱን ሰጡ። ከሟች የተወሰደው ነርቭ ሳሙና በሚመስሉ ኬሚካሎች ይታጠባል፤ ሴሎቹና ስቡ ይወጣሉ። ከዚያም የአዲስ ክርን እድገት የሚገታ ንጥረ ነገር በኢንዛይም ይጸዳል። በመጨረሻ በጋማ ጨረር ከተህዋስያን ይጸዳና በቅዝቃዜ ይቀመጣል። የሚቀሩት ባዶ ቱቦዎቹና ክሩ የሚይዛቸው ፕሮቲኖች ናቸው። የደም ዓይነት ማመሳሰል አያስፈልግም፤ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒትም አያስፈልግም። አክሶጅን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይህን "አቫንስ" በሚል ስም ማቅረብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ 624 የነርቭ ጥገናዎችን የተከታተለና እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ ክፍተቶችን ያካተተ ጥናት፣ 82 በመቶ በሚሆኑት ላይ "ትርጉም ያለው" መሻሻል መታየቱን ዘግቧል። ጥሩ ዜና ነው። ሆኖም ሁለት ነገር መናገር አማና ነው። አንደኛ፣ ጥናቱን የደገፈው ምርቱን የሚሠራው ኩባንያ ራሱ ነው። ሁለተኛ፣ "ትርጉም ያለው" ማለት እንደ ቀድሞው ሙሉ ሆነ ማለት አይደለም።

የሟች ክብር

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። በኢስላም ሟች ዕቃ አይደለም። ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ይሰገድበታል፣ ወደ ቂብላ ዞሮ ይቀበራል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሟችን አጥንት መስበር በሕይወት ያለን ሰው አጥንት ከመስበር ጋር እንደሚመሳሰል ማስተማራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ስለዚህ "የሞተ አካል ምን ይሰማዋል?" ብሎ ማለፍ የእኛ መንገድ አይደለም።

ግን ይህንኑ ሐዲስ ልብ ብለን እናስተውለው። ሟችን ከሕያው ጋር ያስተካክለዋል። ሕያው ሰው ላይ ቢላ የሚያሳርፍ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፦ ወንጀለኛና ሐኪም። ሁለቱም ይቆርጣሉ። የሚለያቸው ፈቃድ፣ ዓላማና ጥንቃቄ ነው። የሟች ክብር እንደ ሕያው ክብር ከሆነ፣ መለኪያውም እዚያው አለ፦ ፈቅዷል ወይ? ለምን ይወሰዳል? በምን ዓይነት አደብ ይወሰዳል?

ይህን የማይቀበሉ ዓሊሞች አሉ፤ ሐሳባቸውን ማክበር ይገባናል። የፓኪስታኑ ሙፍቲ ሙሐመድ ሸፊዕ ከሚጠቀሱት አንዱ ናቸው። ከዚህ ወገን የሚቀርበው ዋና መከራከሪያ ጠንካራ ነው፦ አካላችን ንብረታችን አይደለም፣ የአላህ አማና ነው፤ ባለቤት ያልሆነ ሰው ደግሞ የሰው ዕቃ ሊለግስ አይችልም። እውነት ነው፤ አማና ነው። ግን አማና የተሰጠው ሰው ዕቃውን ማባከን እንጂ ባለቤቱ በሚወደው መንገድ መጠቀም አይከለከልም። ደም የሚለግስ ወንድማችን አማናን እንዳጎደለ አንቆጥረውም።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1988 በጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በዚሁ ጉዳይ ውሳኔ ሰጥቷል። ዶክተር ማኪነን በቶሮንቶ ያንን ነርቭ በተከሉበት ዓመት መሆኑ ነው። አካዳሚው ከሟች ወደ ሕያው አካል ማዛወርን በሁኔታ ፈቀደ፦ የተቀባዩ ሕይወት ወይም የአካሉ መሠረታዊ ተግባር በዚያ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ሟቹ በሕይወት ሳለ ወይም ወራሾቹ ከሞቱ በኋላ ከፈቀዱ፣ ሽያጭም ካልሆነ።

"ሕይወት" ብቻ አላሉም፤ "መሠረታዊ ተግባር" የሚለውንም ጨምረዋል። እንግዲህ ጥያቄያችን ጠበበ፦ የጣት ስሜት መሠረታዊ ተግባር ነው?

ስሜት ቅንጦት ነው?

ይህን የሥጋ ደዌ ታማሚ ይንገረን። በአዲስ አበባ የአለርት ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ያስተናገዳቸው ወገኖቻችን ታሪክ ለእኛ ቅርብ ነው። ብዙ ሰው በሽታው ራሱ ጣትን እየበላ የሚጥል ይመስለዋል። ባክቴሪያው ግን የሚያጠቃው ነርቭን ነው፤ መኖሪያ ከሚያደርጋቸው ሴሎች ውስጥ ቀደም ብለን ያነሳናቸው የሽዋን ሴሎች ይገኙበታል። ስሜት ይጠፋል። ከዚያ በኋላ እጅ ድስት ይነካል፣ አይሰማም፤ እግር እሾህ ይረግጣል፣ አይሰማም። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ጣት ያጥራል። እጁን ካጣባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ማቃጠሉንና መውጋቱን የሚነግረው አለመኖሩ ነው። ሱብሐነላህ! በየቀኑ የምናማርረው ሕመም ጠባቂያችን ነበር።

ደግሞ የራሳችንን ቀን እንቁጠር። ለውዱእ ውሃውን የምንለካው በእጅ ነው። ተስቢሕ የምንቆጥረው በጣት ነው። በተሸሁድ ላይ የምናነሳት አመልካች ጣት ናት። እናት የልጇን ትኩሳት የምታውቀው መዳፏን ግንባሩ ላይ አድርጋ ነው። የየቲምን ራስ የሚዳብስ እጅ ስሜት ያለው እጅ ነው። ልብስ ሰፊው፣ አናጢው፣ ነርሷ፣ ሾፌሩ እንጀራቸው በጣታቸው ነው። ይህ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ለአንድ ቀን ብቻ እጁ ደንዝዞ ይዋል።

አንድ ሶሓባ ደግሞ እናስታውስ። ዐርፈጃ ኢብኑ አስዐድ (ረ.ዐ) ከኢስላም በፊት በኩላብ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆረጠ። የብር አፍንጫ አሠሩ፤ ሸተተ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የወርቅ አፍንጫ እንዲያሠሩ ነገሯቸው። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ነሳኢ ዘግበውታል። አስተውሉ፦ አፍንጫው ቢቀር ዐርፈጃ አይሞቱም ነበር። ወርቅ ደግሞ ለወንድ ሐራም ነው። ሆኖም ለአካል ጥገናና ለሰው ክብር ሲባል በሩ ተከፈተ። ሸሪዓችን ሰው እስኪሞት ጠብቆ አይደለም የሚያዝነው።

በዚሁ መስመር አንድ ተግባራዊ ነገር ልብ በሉ። ነርቭን ለመጠቅለል ወይም ጫፎቹን ለማያያዝ ከሚያገለግሉ ምርቶች አንዳንዶቹ ከአሳማ አንጀት የሚሠሩ ናቸው። ከሰው ከተወሰደው ነርቭ የተለዩ ናቸው፤ ግን በአንድ ቀዶ ሕክምና አብረው ሊገቡ ይችላሉ። በወሎና በሐረር ደረሶች የሚቀሩት የኢማም ነወዊ "ሚንሃጅ"፣ የተሰበረ አጥንቱን ንጹሕ ነገር አጥቶ በነጃሳ የጠገነ ሰው ዑዝር እንዳለው ያነሳል። ቁም ነገሩ "ንጹሕ አጥቶ" የሚለው ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሌላ አማራጭ ካለ አስመርጡ፤ ከሌለ ዓሊም አማክሩ።

"በቂያማ ቀንስ?"

ብዙ ወጣቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት ይህንን ነው። "ነርቤን ሰጥቼ ብሞት በቂያማ ጎዶሎ ሆኜ እነሳለሁ? እጅ በባለቤቱ ላይ በሚመሰክርበት ቀን፣ በሌላ ሰው እጅ ውስጥ ያለው የእኔ ነርቭ በማን ላይ ይመሰክራል?"

ሱረቱል ቂያማ መጀመሪያ ላይ አላህ (ሱ.ወ) አጥንቶቻችንን አይሰበስብም ብሎ ለሚያስብ ሰው መልስ ሲሰጥ፣ የጣቶቹን ጫፍ ሳይቀር ማስተካከል እንደሚችል ይነግረዋል። ከአካል ሁሉ የጣት ጫፍ! ይህ ሕክምና በብዛት ከሚውልባቸው ነርቮች መካከል የጣት ነርቮች መሆናቸውን ስታስብ ልብህ ይርዳል። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውንም ሰውዬ አስታውሱ፦ ልጆቹን "ስሞት አቃጥላችሁ በትኑኝ" ብሎ ያዘዘውን። አላህ ሰበሰበው፤ አላህን በመፍራቱም ማረው። አመድን የሚሰበስብ ጌታ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነርቭ አይጠፋበትም።

ምስክርነቱም ቢሆን የሚከተለው ሥራን ነው። በዚያ እጅ የሚሠራው ሰውየው ነው፤ ኃጢአቱም አጅሩም ሠሪውን ይከተላል። ለለጋሹ የሚቀረው ኒያው ነው።

ስጦታና ሰጪ

አሁን ሁለተኛው ጥያቄያችን፦ ሟቹ የሰጠው ምንድን ነው?

ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ሠሪ አካል ይሰጣል፤ ኩላሊቱ በተቀባዩ ሆድ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። ነርቭ የሰጠው ሟች ግን ስሜት አልሰጠም። ሙቀት የሚያውቀው ክር የተቀባዩ የራሱ ነው። ሟቹ የሰጠው ክሩ የሚሄድበትን መንገድ ነው። ስሜቱን የሚመልሰው አላህ ነው፣ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይደንቃል። የሰጪው ሴሎች በነርቩ ውስጥ እስካሉ ድረስ የተቀባዩ አካል ስጦታውን ይዋጋዋል። "እኔ ነኝ" የሚለው ምልክት ታጥቦ ሲወጣ ብቻ አካሉ በሰላም ይቀበለዋል። ምሳሌ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ግን በሱረቱል በቀራ አላህ (ሱ.ወ) ሶደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ ያስጠነቀቀንን ያስታውሳል።

የዘመድ ልጅ አስተምሮ በየሰርጉና በየለቅሶው "እኔ ባላስተምረው ኖሮ" የሚል ሰው አታውቁም? ገንዘቡ እውነተኛ ነበር፤ ትምህርቱም ጠቅሟል። ግን ሰጪው ከስጦታው ውስጥ አልወጣም። ስለዚህ ተቀባዩ በተጠራ ቁጥር ይቆስላል፤ አንድ ቀን ደግሞ ይሸሻል። እኛም "ውለታ ቢስ" እንለዋለን። በሰባቱ የዐርሽ ጥላ ባለቤቶች ሐዲስ ውስጥ፣ ቀኙ የሰጠችውን ግራው እስከማታውቅ ድረስ ደብቆ የሚሰጥ ሰው አለ። የታጠበ ነርቭ የለገሰ ሟች በዚህ ደረጃ ላይ የቀረበ ነው፦ ተቀባዩን አያውቅም፣ ምስጋና አይሰማም፣ ሴሉ እንኳ አልቀረም። መንገዱ ቀረ።

ገንዘቡስ?

ሆኖም በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ሌላ ሰው ቆሟል። ቤተሰብ በነጻ ይሰጣል፤ ኩባንያ ያዘጋጃል፣ ይሸጣል፤ ኩባንያው በናስዳክ የአክሲዮን ገበያ ላይ ይገበያያል። ይህ የሟች አካል ሽያጭ አይደለም?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1984ቱ ሕግ ለንቅለ ተከላ የሚውልን የሰው አካል መሸጥና መግዛት ይከለክላል፤ ለማውጣት፣ ለማዘጋጀት፣ ለማቆየትና ለማጓጓዝ ተመጣጣኝ ክፍያን ግን ይፈቅዳል። የጅዳው ውሳኔም ሽያጩን ከልክሎ፣ የቸገረው ተቀባይ አካሉን ለማግኘት የሚያወጣውን ገንዘብ ጉዳይ ለኢጅቲሃድ ክፍት ትቶታል።

ልዩነቱ በሥራ ዋጋና በአካል ዋጋ መካከል ነው። ቀብር ቆፋሪ ቢከፈለው ሬሳ ሸጠ አይባልም። ነርቩን ያጠበ፣ የመረመረ፣ ያቀዘቀዘ ሰው ለድካሙ ቢከፈለውም እንዲሁ። ነገር ግን ክፍያው ከሥራው እየራቀ ወደ አካሉ እየቀረበ በሄደ ቁጥር ነገሩ ይበላሻል። መስመሩ የቱ ጋ እንደሆነ ከውጭ ሆኖ መለካት ከባድ ነው። አንድ ነገር ግን ከባድ አይደለም፦ እውነቱን መንገር። በሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ "ትፈቅዳላችሁ?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ የሚሰጠው አካል በንግድ ድርጅት ሊዘጋጅና በዋጋ ሊቀርብ እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ያልተነገረው ሰው ፈቃድ ግማሽ ፈቃድ ነው። ቤተሰቡ አውቆ ከፈቀደ ደግሞ፣ በመካከል የገባ ሰው ስግብግብነት የሟቹን አጅር አይነካውም። ስንዴ ሶደቃ ሰጥተህ አከፋፋዩ ቢሰርቅ፣ ሌባው እሱ ነው።

የተቀባዩ ድርሻ

መንገድ የተሰጠው ሰው መሄድ አለበት። ክሩ ጣት ጫፍ ሲደርስ እንኳ ሥራው አያልቅም፤ አንጎል አዲሱን ወሬ መተርጎም እንደገና ይማራል። ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ ጥጥና ጨርቅ፣ ቁልፍና ሳንቲም እየዳሰሰ መለየት ይለማመዳል፤ ለወራት። ሶብር ማለት ይሄ ነው። በቀን አንድ ሚሊ ሜትር የሚሄድ ነገር ዛሬ ካየኸው ትናንት ከነበረበት አይለይም። የዱዓህ መልስ የዘገየ የሚመስልህ ወንድሜ፣ ከቆዳህ ሥር ምን እየሄደ እንዳለ ማን ነገረህ?

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም። በሀገራችን ከሟቾች የሚለገስ የዓይን ብሌን የሚያሰባስብ የዓይን ባንክ አለ፤ ስለዚህ ጥያቄው ከእኛም ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ባሕር ማዶ ያላችሁ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ "ለጋሽ ነህ ወይ?" ተብላችሁ ትጠየቁ ይሆናል። ያን ጊዜ ባዶ ሆናችሁ አትገኙ።

የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ልባችሁ ከረጋ ኒያችሁን አስተካክሉ። ከዚያም ለቤተሰብ ንገሩ፤ ወሲያችሁ ውስጥ ጻፉት። "አልፈቅድም" የምትሉም ከሆነ ይህንኑ ንገሩ፤ እሱም መብታችሁ ነው። ከባዱ በደል ምንም ሳይናገሩ መሄድ ነው፤ እናት በልጇ ጀናዛ ላይ ቆማ ልጇ ምን ይፈልግ እንደነበር እንድትገምት ማድረግ ነው።

እስከዚያው ግን ለመስጠት መሞት አያስፈልግም። በሕይወት ሳለን ለአንድ ሰው መንገድ ሆነን፣ እሱ በራሱ እግር ሲሄድበት "እኔ ነኝ" ሳንል ዞር ማለት እንችላለን። ዛሬ ከመግሪብ በፊት አንድ እንዲህ ያለ ነገር እንሥራ፤ ለማንም አንንገር።

ያ አላህ! የተቆረጠውን ቀጥልልን፣ የደነዘዘውን ልባችንን ስሜት መልስለት። ለታመሙት ሺፋህን፣ ለሟቾቻችን ረሕመትህን ስጣቸው። የምንሰጠውን ካንተ በቀር ማንም የማያውቀው አድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።